መስኮት እንዴት ናት?

ብርኖ ከተማ ላይ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ሦስቱን ፎቅ በእግር ወጥታ፣
ከፊቴ ትቀመጥ ነበረች አንዲት ነርስ፤
እርሳሷን በምላጭ ቀርጻ እስክትጨርስ
ፊደል አልጀምርም።

ቦዜና ነው ስሟ።
ቦዘኔ እንዳልላት፣ ሌት ተቀን ነው ድካሟ፤
ትርጉሙን ስነግራት ሳቀች ከት ከት ብላ፤
«አደራ፣ አለቃዬ እንዳይሰማ ኋላ።»

«ደግሞ ለምን አማርኛ?» ስላት ዝም አለች፤
ከቦርሳዋ ወረቀት፣ ባራት የታጠፈች፣
አውጥታ ዘረጋች።

ዘርጋው የሚሉት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ ቀለጠ አካሉ፤
በቼክኛ ቀልዶ አገሬውን ያሳቀ፣
በጥር ሌሊት ግን ያ ሁሉ ቋንቋ አለቀ፤
እንደ ውሰት ካባ ከትከሻው ወደቀ።
የቀረው አማርኛ፤ ሰሚ አልነበረው።
«መስኮት» አለ። «መስኮት»። ደግሞ ደጋገመው።
እሷም በራሷ ፊደል፣ በማዘዣ ወረቀት ላይ፣ ጻፈችው።
ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ሚስቱ ናት? ልጁ ናት? ይህች መስኮት የምትባል፣
መርዶዋን ሳትሰማ የት አገር ትኖራለች?
ፈልጋ ልታገኛት ነው የመጣች።
እኔ ወረቀቱን አነበብኩት፤ አጠፍኩት፤ መለስኩት።
አፌ አልታዘዘኝም።
ፈሪ ነኝ።

በአራተኛው ሐሙስ ትምህርቱ ስለ ቤት ነው።
በር፣ ጣሪያ፣ ግድግዳ፤ በጠመኔ ሣልኩት፤
ትንሿን አራት ማዕዘን በስሟ ጠራኋት።
እርሳሷን አስቀመጠች።
ተነሥታ ሄዳ ቆመች መስተዋቱ ዘንድ፤
«የዚያን ሌሊት» አለች፣ «በፕላስተር አሽገነው ነበር፣ ለብርድ።»

በዚህ ይበቃታል ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት መጣች።
ጣቷን በየመሥመሩ እያስኬደች
አንድ የልጆች ተረት ጨረሰች።
«ብርድ» የሚለው ቃል ከሁሉም ይጥማታል፤
አፍ ላይ ይንቀጠቀጣል ትላለች፤ እውነቷን ነው።
የሚጠብቀውን ከሚላላው ለየች፤
«ዘርጋው አለ» ስትል ላልቶ፣ ሟቹ ይናገራል፤
«ዘርጋው አለ» ስትል ጠብቆ፣ ሟቹ ይኖራል።
ተረኛ ስትሆን ለራሷ ትለው ነበር፣
አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ።

ከዚያ ፈረቃዋ ሐሙስ ላይ ዋለና
ቀረች።

ቋንቋ ሲሄድ በር አይዘጋም፤ ደኅና ሁኑም አይል።
መጀመሪያ ዲቃሎቹ፣ ቋ እና ጓ፣ ወጡ፤
ቀጥለው ጠ እና ጸ ተ ውስጥ ሰመጡ፤
ከዚያ ግሡ ሄደ፣ ካረፍተ ነገሩ ጫፍ፣
ማንም ሳይሳፈርበት እንደ ሌሊት ትራም ሲያልፍ።
ጥብቀቱም ላላ። ሁለቱ «አለ» አንድ ሆኑ፤
ዘርጋው ይኑር፣ ዘርጋው ይናገር፣
አልለይ አለ።

ይህን ስትረሳ አላየሁም፤ ከራሴ ነው የማውቀው፤
ሩሲያኛ ነበረኝ፤ ዛሬ የቀረው
የአንድ ሾርባ ስምና አንድ ስድብ ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ በምሽት፣
ትራም ውስጥ አገኘችኝ፤ ገብቶበታል ፀጉሯ ሽበት።
«እንደምን አደርሽ!» አለችኝ፣
እኔን ወንዱን፣ ጀምበር ከጠለቀች።
ሌላ ቃል ፈለገች፤
ተቆጣጣሪ ፊት ቲኬት እንደጠፋው ሰው
ራሷን ዳበሰች።
ቆይታ፣ ፊቷ በርቶ፣
«መስኮት እንዴት ናት?»

ትቀልድ እንደሆን፣ ወይስ ፍቺው ጠፍቶባት
ስሙ ብቻውን ሴት ሆኖ ተርፎ እንደሆን በልቧ፣
እስከ ዛሬ አላውቅም።
ከጀርባዋ መስተዋቱ ጉም ለብሷል።
«ደኅና ናት» አልኳት።
አሁንም ፈሪ ነኝ።

ሆስፒታሉ ጋ ስትወርድ ዞር ብላ
«ሰላም በላት» አለች፣ አንድም ሳትሳሳት።
ትራሙ ሲነሣ፣ እጅጌዬን ስቤ፣
ጉሙን ጠረግኩላት።